«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ…» ለማን ነው የሚባለው?

ባለፈው ሰሞን ተዝካር ላይ ተቀምጠናል። የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ጥማድ መሬት ስትከራከር 11 ዓመት ሆኗታል። በቅርቡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደባት። ይህን የሰማ አንድ የተማረ ዘመዳችን ጠጋ አለና፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ቢያንስ በፍርድ ነው የሄደው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይባል የለ?» አላት።

ልጁ ክፉ አይደለም። ሊያጽናናት ነው። እሷ ግን ቀና ብላ አየችውና፣ «ወንድም ዓለም፣ እኔ'ኮ በቅሎዋም ጭብጦዋም ናቸው የሄዱብኝ» አለችው። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁም በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም።

ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በፍርድ ከሄደ ትልቅ ነገር ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደ ትንሽ ነገር ያንገበግባል ነው። አንዳንዱ «በሕግ ከሄደች» ይላል። መጨረሻው ላይ «ታሳዝነኛለች» ወይም «ታንገበግበኛለች» የሚጨምርም አለ። እኔ «በፍርድ» የሚለውን እመርጣለሁ። እማማ እንደዚያ ነበር የሚሉት። ሕግ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው። ፍርድ ግን ከዳኛ አፍ ወጥቶ ጆሮህ የሚሰማው ነው። ለእኔ የተረቱ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጭብጦዋ ላውራ። ዛሬ ተረቱን ከሚጠቅሱት ውስጥ ጭብጦ በልቶ የሚያውቅ ስንት ሰው እንዳለ እንጃ።

ያደግሁት ጎጃም፣ ከእማማና ከአያቴ ጋር ነው። አያቴ የርስት ክርክር ነበረባቸው። ነገሩ የወንዝ ዳር መሬት ነው። ተከራካሪያቸው ደግሞ የገዛ አጎታቸው ልጅ። አውራጃው ከተማ ድረስ አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ቀጠሮ ሲደርስ እማማ ገና ዶሮ ሳይጮህ ይነሳሉ። ኩራዝ ይለኮሳል። የገብስ ዱቄት በትንሽ ጨው ይለወሳል። ጭብጦ እርሾ አይጠብቅም፤ የመንገደኛ ምግብ ነው። ሊጡን ጠጠር አድርገው ያሹና በመዳፋቸው ጭብጥ እያደረጉ ምጣዱ ላይ ያኖሩታል። ስሙም ከዚያው ከመጨበጡ የመጣ ነው። ሲበስል የጣቶቻቸው ምልክት ላዩ ላይ ይቀራል። ጠርዙ አረር ይላል፤ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። የመጨረሻዋ፣ ከሊጥ ጥራጊ የምትጋገረው ትንሿ፣ የእኔ ነበረች። ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብዬ እጠብቃታለሁ። ከዚያ የቀረውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በአያቴ ጋቢ ጫፍ ይቋጥሩታል።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አያቴና ተከራካሪያቸው አብረው ነበር የሚሄዱት። መንገዱ አንድ፣ ቀጠሮው አንድ፣ ሽፍታው አንድ። ወንዝ ሲደርሱ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሁለቱንም ቋጠሮ ፈትተው አብረው ይበላሉ። ከተማ ሲገቡ ይለያዩና ዳኛ ፊት ይካሰሳሉ። ሲመለሱ ደግሞ አብረው ነው።

ስለዚህ ጭብጦ ለእኔ ተራ ቁራሽ ዳቦ አይደለም። የባለ ጉዳይ ስንቅ ነው። ተረቱን ያወጣው ሰውም ስለማንኛውም ቁራሽ የተናገረ አይመስለኝም። ችሎት ለመቅረብ መንገድ የወጣ ሰው ነው። በጋቢው ጫፍ ጭብጦ ቋጥሯል። በእጁ የበቅሎ ልጓም ይዟል።

በቅሎዋስ? እሷ ላይ የቆየ ሐሳብ አለኝ። ከተማው ሁሉ «ውድ ነገር ስለሆነች ነው» ብሎ ያልፋታል። በቅሎ ውድ መሆኗማ የታወቀ ነው። ግን በሬም ውድ ነው። ጥማድ በሬ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ለገበሬ ደግሞ ከበቅሎ ይበልጣል። ለምን «በፍርድ የሄደ በሬዬ» አልተባለም?

መልሱ የድሮው ሙግት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በድሮው ችሎት ተሟጋቾች ውርርድ ይገቡ ነበር። ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይቆማሉ። አንዱ «በላ ልበልሃ!» ይላል። ነገሩን በግጥም፣ በምሳሌ ያስረዳል። ከዚያ በቃሉ መተማመኑን ለማሳየት ያስይዛል። «ማር እሰጥ!» «ፈረስ እሰጥ!» «በቅሎ እሰጥ!» ሌላው «አግባ!» ይላል። የተረታ ያስያዘውን ይከፍላል፤ የሚበላውም ባለ ዳኝነቱ ነው። ዛሬ ፍሬ የሌለው ጭቅጭቅ ሁሉ «እሰጥ አገባ» የሚባለው ከዚያ የተረፈ ቃል ነው። ቴሌቪዥን ላይ «የፓርቲዎቹ እሰጥ አገባ ቀጥሏል» ሲባል የምሰማው የዚያችን በቅሎ ኮቴ ነው።

እንግዲህ እንደ እኔ አያያዝ፣ በፍርድ የሄደችው በቅሎ የተሰረቀች ወይም የተወረሰች አይደለችም። ሰውየው በገዛ አፉ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ያስያዛት በቅሎ ናት። ተናገረ፣ ተሰማለት፣ ተረታ፣ ከፈለ። ያንጀቱን አውጥቷል። ጸጸት ሊኖረው ይችላል፤ ግን አይንገበገብም። ጭብጦዋ ግን መንገድ ላይ አንድ ጉልበተኛ ነጥቆት የሄደው ስንቁ ናት። ለእሷ «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚያስቆመው ሰው አላገኘም። ሁለቱም በአንድ ጉዞ ላይ የሆኑ ናቸው።

ለዚህ የተጻፈ ማስረጃ ይዤ አልመጣሁም። ግን በቅሎዋንና ጭብጦዋን አንድ መንገድ ላይ የሚያገናኝ ሌላ አገላለጽ እስካገኝ ድረስ አልለቀውም።

ያ ዘመን ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። በቅሎ የሌለው ድሀ ምን ያስይዛል? ውርርዱን የሚበላው ዳኛስ ስለ ማን ያስባል? ድሮም የርስት ነገር ይጓተት ነበር። የአያቴን ልብ የሰበረውም እሱ ነው።

በየቀጠሮው ሲመለሱ እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው «ምን ተባለ?» ይሏቸዋል። «ለኅዳር ሚካኤል ተቀጠረ።» ኅዳር ሲያልፍ «ለጥር።» ጥር ሲያልፍ ዳኛው ተቀይሯል። አያቴ ለነገረ ፈጅ የሚከፍሉት ሲያልቅባቸው በቅሎዋን ሸጡ። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ነበር። ሰባተኛው ዓመት ላይ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ርስት የሚባል ነገር ቀረ። ፍርዱ ሳይነበብ ቀረ። አያቴና የአጎታቸው ልጅ እኩል ባዶ እጃቸውን ሆነው፣ በዚያው ዓመት ፋሲካን አብረው ዋሉ።

እማማ በቅሎዋ በተነሳች ቁጥር፣ «አልሄደች፣ አልመጣች» ይሉ ነበር። ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው፣ ተረቱ የሚያውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ በፍርድ መሄድና ያለ ፍርድ መሄድ። የአያቴ በቅሎ በሦስተኛ መንገድ ነው የሄደችው። በቀጠሮ።

የአክስቴ ልጅም እንደዚያው ናት። ክሱን ስትጀምር ትንሹ ልጇ በጀርባዋ ነበር፤ ዛሬ ቀጠሮዋን በስልኩ የሚመዘግብላት እሱ ነው። ወረዳ ላይ ፈረዱላት። ዞን ላይ ተሻረ። ወደ ላይ ወጣ። ከላይ ደግሞ «ነጥቡ በደንብ አልተጣራም» ተብሎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 343 ወደ ሥር ተመለሰ። ባለ ጉዳዮች ይህችን ቁጥር ከስልክ ቁጥራቸው በላይ ያውቋታል። እንደገና ምስክር፣ እንደገና መሐንዲስ፣ እንደገና «መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ»። በመሃል መሬቱ ታግዶ አራት ክረምት ጦም አደረ። ከምስክሮቿ ሁለቱ ሞቱ። እውነቱን የሚያውቅ ሽማግሌ አፈር ከገባ በኋላ የሚሰጥ ውሳኔ ምኑን ይመዝናል? ይግባኙ ገና ሳይፈረድ አንድ የመብት ጉዳይ የሚያይ ቢሮ ሄደች። «በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አናይም» አሏት። አለመፈረዱ ነው በደሌ ብትልም፣ መልሳቸው ያው ነው።

ግን በደል ነው። የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ነው፤ ይህን ጮክ ብዬ ማለት እፈልጋለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 አቤት የማለት መብት ብቻ ሰጥቶ አላቆመም። ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብና «ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት» መብት አለው ይላል። ማግኘት! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀበለችው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 7፣ ሰው በተገቢው ጊዜ ውስጥ ፍርድ እንዲያገኝ ይደነግጋል።

ከሁሉ የምወዳት ግን የዚያው ቻርተር አንቀጽ 56 ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ናት። የቻርተሩ ኮሚሽን መቀመጫው ጋምቢያ፣ ባንጁል ነው። እዚያ አቤት የሚል ሰው አስቀድሞ የአገሩን ፍርድ ቤቶች እስከ መጨረሻው መሞከር አለበት። ይህ ጠቅላላው ደንብ ነው። ሆኖም የአገር ውስጡ ክርክር ከልክ በላይ መጓተቱ ግልጽ ከሆነ፣ እስኪያልቅ ጠብቅ አይባልም። በሌላ አነጋገር፣ ማለቂያ ያጣ ክርክር እንደ ፍርድ መንገድ አይቆጠርም ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የእማማ ድምፅ ነው የመጣብኝ። በቀጠሮ የሄደችው በቅሎ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ቻርተሩ መለሰላቸው። ያለ ፍርድ ከሄዱት ወገን ናት። ከጭብጦዋ ጋር።

እንግዲህ ተረቱን ለምትጠቅሱ ሁሉ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ሰሞኑን ትልቁን ኪሳራ ትቶ በትንሿ ለሚብሰለሰል ሰው መቀለጃ ስታደርጉት እሰማለሁ። ስልኩ ተሰርቆ ለሚያለቅስ፣ ታክሲ ላይ መልስ ለተቀነሰበት። እሱን እሺ፣ ቋንቋ ይሰፋል። ግን በፍርድ ቤት ደጃፍ ላረጀ ሰው ማጽናኛ አታድርጉት። ተረቱ የተሰማለት ሰው ንግግር ነው። በቅሎውን አስይዞ፣ ዳኛውን ዐይን ዐይኑን እያየ ተናግሮ፣ በዕለቱም ሆነ በሳምንቱ መልሱን የሰማ ሰው ነው «በፍርድ ሄደች» የሚለው። የሚለውም ስለ ራሱ ነው። ሌላ ሰው ትከሻው ላይ እጁን ጣል አድርጎ የሚልለት አይደለም።

ያ ዘመዳችን ማታ ደውሎልኝ ነበር። «ጋሼ፣ እትዬ ተቀየመችኝ እንዴ?» አለኝ። ይህንኑ ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ምን ልበላት?» አለ። «ስንቅ ቋጥርላት» አልኩት። የሰበር አቤቱታ ለማቅረብ 90 ቀን ነው ያላት። ዛሬ 23ኛው ነው።