የማጣቀሻ ሶፍትዌርን በቢሮ ኔትወርክ መጋራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ በሚገኝ አነስተኛ የጥናትና የምክር አገልግሎት ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ከጥናት ሥራዬ ጎን ለጎን የቢሮውን ኮምፒውተሮችና የጋራ ፎልደሩን የምከታተለውም እኔ ነኝ። አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር ኢንድኖትን ወይም ዞቴሮን፣ ማለትም ለጥናት የምንጠቅሳቸውን ጽሑፎች የምናደራጅባቸውንና በጽሑፋችን ውስጥ የምንጠቅስባቸውን ፕሮግራሞች፣ ስለ መጋራት ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ከጥያቄው ጋርም ተመሳሳይ ስሕተቶች አብረው ይመጣሉ። የብዙዎቹ ስሕተቶች ምንጭ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ነው፤ በፕሮግራሙ የምናደራጀው የማጣቀሻ ላይብረሪ፣ ማለትም የማጣቀሻዎቹ ስብስብ፣ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙን መጠቀም የምንችለው ላይሰንሱ (የመጠቀሚያ ፈቃዱ) በሚፈቅደው መጠን ሲሆን፣ ላይብረሪውን የምንጋራው ግን ለዚሁ በተዘጋጀለት መንገድ ነው።

«አንድ ላይሰንስ ከተገዛ ለሦስት ሠራተኛ ይበቃል»

ይህ አባባል ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። ለግለሰብ የሚሸጠው የኢንድኖት ላይሰንስ በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጫን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ሦስቱም ኮምፒውተሮች የአንድ ሰው መገልገያ መሆን አለባቸው፤ ለምሳሌ በቢሮ ያለው ዴስክቶፕ፣ የመስክ ላፕቶፕና ቤት ያለው ኮምፒውተር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሦስት ኮምፒውተር ማለት ሦስት ሰው ማለት አይደለም። ፕሮግራሙን በአንድ ማሽን ላይ ጭኖ ሌሎች በኔትወርክ በኩል እንዲከፍቱት ማድረግም ቢሆን የተጠቃሚዎቹን ቁጥር አይቀንሰውም። ብዙ ተጠቃሚ ላለው ተቋም የኢንድኖት ባለቤት የሆነው ክላሪቬት ለብቻው ያዘጋጀው የተቋም ላይሰንስ ስላለ፣ ቢሮው ዋጋ መጠየቅ ያለበት በዚያ በኩል ነው።

«በኢትዮጵያ ሶፍትዌርን የሚጠብቅ ሕግ የለም» የሚለው አባባልም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ሕጉ ግን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው ለታለመለት አገልግሎት ወይም ለመጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ አዋጁ የሚፈቅድለት በጣም በጠባቡ ነው። በፍላሽ እየተዘዋወረ የሚመጣ ክራክ የተደረገ (ያለ ላይሰንስ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ) ቅጂ ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው፤ ከቅጂው ጋር ምን ዓይነት ቫይረስ እንደሚገባም ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። አቅሙ ለሌለው ቢሮ በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች እያሉ በዚህ መንገድ መሄድ ያሳዝነኛል።

«ላይብረሪውን በጋራ ፎልደር ላይ ካስቀመጥነው ተጋራነው ማለት ነው»

በጣም የተስፋፋውም፣ በጣም የሚጎዳውም ስሕተት ይህ ነው። የዎርድ ሰነድ በጋራ ፎልደር ላይ ስለሚቀመጥ የማጣቀሻ ላይብረሪም እንደዚያው የሚቀመጥ ይመስላል። ላይብረሪ ግን ተራ ፋይል ሳይሆን ዳታቤዝ ነው፤ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ ፕሮግራሙ ትንንሽ ለውጦችን ያለማቋረጥ ይጽፍበታል። በኔትወርክ ፎልደር ላይ ያለ የኢንድኖት ላይብረሪን ሁለት ሰዎች ሲከፍቱት መጻፍ የሚችለው ቀድሞ የከፈተው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ማንበብ እንጂ መለወጥ አይችልም። ዞቴሮ መረጃውን የሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ሲሆን፣ የዚህ ዳታቤዝ አዘጋጆች በኔትወርክ ፎልደሮች ላይ የፋይል መቆለፊያው ሁልጊዜ በትክክል እንደማይሠራና ይህም ዳታቤዙን ሊያበላሽ እንደሚችል ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ላይብረሪን በድሮፕቦክስ፣ በዋንድራይቭ ወይም በጉግል ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥም ተመሳሳይ አደጋ ስላለው የኢንድኖትም ሆነ የዞቴሮ አዘጋጆች አይመክሩትም።

ይህ በእኛም ቢሮ ደርሷል። የጋራ ፎልደሩ ያለበት ዴስክቶፕ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያሠራ የመጠባበቂያ ባትሪ፣ አልነበረውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ባልደረባችን በላፕቶፗ የኢንድኖት ላይብረሪውን ከፍታ ማስታወሻዎችን እየጻፈችበት ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፗ በባትሪው መሥራቱን ቀጠለ፤ ላይብረሪው ያለበት ማሽን ግን ድርግም አለ። መብራቱ ተመልሶ ላይብረሪውን ለመክፈት ስንሞክር ተጎድቷል የሚል መልእክት መጣ። በመጠገኛው አብዛኛውን ማጣቀሻ ማዳን ቢቻልም የዚያን ቀን ማስታወሻዎች አልተገኙም። የመጠባበቂያ ቅጂ ፍለጋ ወደ አንድ ፍላሽ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ገጠመን። የኢንድኖት ላይብረሪ አንድ ፋይልና ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ስም ያለው፣ በስሙ መጨረሻ ላይ «ዳታ» የሚል የተጨመረበት ፎልደር በአንድነት ነው፤ ወደ ፍላሹ የተገለበጠው ግን ፋይሉ ብቻ ስለ ነበር ከማጣቀሻዎቹ ጋር የተያያዙት ፒዲኤፎች በሙሉ አልነበሩም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቅጂ የምናስቀምጠው ፕሮግራሙ ራሱ ሁለቱን በአንድ አድርጎ በሚያዘጋጀው የታመቀ ላይብረሪ ነው።

ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ ሰው ዳታቤዙን በራሱ ኮምፒውተር ላይ አድርጎ፣ መጋራቱን በፕሮግራሙ የመጋሪያ አገልግሎት በኩል ማከናወን ነው። በኢንድኖት ላይብረሪን ለሌሎች ማጋራት ይቻላል፤ ለማንበብ ብቻ ወይም ለመለወጥም ጭምር ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ተጋሪ የራሱ ሕጋዊ ኢንድኖት ያስፈልገዋል። በዞቴሮ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት ግሩፖች፣ ማለትም አባላት አንድ ላይብረሪ የሚጋሩባቸው ቡድኖች፣ ናቸው።

«ዞቴሮ ነጻ ስለሆነ ሁሉ ነገሩ ነጻ ነው»

ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ነው። በቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ቢጫን የሚጠይቅ የለም፤ የማጣቀሻዎቹ ዝርዝር መረጃም በነጻና ያለ ገደብ ከኦንላይን ጋር ይመሳሰላል። ገደቡ ያለው በተያያዙ ፋይሎች ላይ ነው። በነጻ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ሲሆን፣ አንዱ ፒዲኤፍ 2 ሜጋባይት ያህል ነው ብንል ከ150 ያህል ጽሑፎች በኋላ ይሞላል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ደግሞ በግሩፕ ውስጥ የሚገቡ ፋይሎች ማንም ያስገባቸው ማን የሚቆጠሩት በግሩፑ ባለቤት ቦታ ላይ መሆኑን ነው። አንድ ወጣት ባልደረባ በራሱ አካውንት ግሩፕ ከከፈተ የቢሮው ፋይል ሁሉ የእሱን ቦታ ይሞላል፤ ሥራ ሲለቅም ግሩፑ በእሱ እጅ ይቀራል። ስለዚህ ግሩፑን በቢሮው ኢሜይል በተከፈተ አካውንት መክፈት ይሻላል። ተጨማሪ ቦታ በዶላር የሚከፈልበት ስለሆነ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ እኛ በግሩፑ ውስጥ የምናስገባው ማጣቀሻዎቹንና እጅግ አስፈላጊ የሆኑ ፒዲኤፎችን ብቻ ነው።

«ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ሥራ ይቆማል»

አይቆምም። የዞቴሮ ዳታቤዝ በየሰው ኮምፒውተር ላይ ስላለ፣ ኮኔክሽን በሌለበት ሰዓት ማጣቀሻ መጨመርም ሆነ በዎርድ ላይ መጥቀስ ይቻላል፤ ለውጡ ኔትወርክ ሲመለስ ይመሳሰላል። ከኢንተርኔት ውጭ በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ብቻ መጋራት የሚፈልግ ቢሮ ደግሞ ጃብረፍን ሊያይ ይችላል። ጃብረፍ በነጻ የሚገኝ ሌላ የማጣቀሻ ፕሮግራም ሲሆን ፖስትግሬስኪውኤል ከሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሠራበት ያስችላል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድር ሰው ግን የግድ ያስፈልጋል።

«ፕሮግራሙ እንድንጋራ ከፈቀደ ፒዲኤፉንም መጋራት ተፈቅዷል»

የፕሮግራሙ ላይሰንስ ስለ ጽሑፎቹ የሚለው ነገር የለም። የማጣቀሻ መረጃን፣ ማለትም የጸሐፊን ስም፣ ርዕስንና ዓመትን መለዋወጥ ችግር የለውም። በዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ተቋም አካውንት የወረደ ጽሑፍ ግን የተሰጠው ለዚያ ተቋም ተጠቃሚዎች ስለሆነ ለሌላ ቢሮ ማከፋፈል አይገባም። ዞቴሮም ቢሆን ማንም ሊገባባቸው በሚችሉ ክፍት ግሩፖች ውስጥ ፋይል ማስቀመጥን አይፈቅድም።

«ላይብረሪው አንድ ከሆነ አጠቃቀሳችንም አንድ ይሆናል»

ለእኛ አገር ጸሐፊዎች ስም ጥንቃቄ ካልተደረገ ይህ ፈጽሞ አይሆንም። ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም መጨረሻ ላይ በሚጻፍበት ልማድ ስለሆነ፣ «ከበደ ዓለሙ» የሚል ስም ሲገባ «ዓለሙ»ን የጸሐፊው ዋና ስም አድርገው ይወስዱታል። በጥናቱ ውስጥም ሥራውን አባትየው የጻፉት ሆኖ ይጠቀሳል። አንዱ ባልደረባ በዚህ መልክ፣ ሌላው «ከበደ» የሚለውን አስቀድሞ፣ ሦስተኛው የአባትን ስም በአንድ ፊደል አሳጥሮ ሲያስገባ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ሰው እንደ ተለያዩ ጸሐፊዎች ይቆጥረዋል፤ ኤፒኤ በሚባለው የአጠቃቀስ ስልት ሲጠቀስም ሰዎቹን ለመለየት ብሎ ያልተጠበቀ ፊደል ይጨምራል። በዞቴሮ ከስሙ ሳጥን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት በመጫን ሁለቱን ሳጥኖች አንድ አድርጎ ሙሉ ስሙን መጻፍ ይቻላል፤ በኢንድኖት ደግሞ ከሙሉ ስሙ ቀጥሎ የላቲን ኮማ ማስቀመጥ ስሙ ሳይገለበጥ እንዲቆይ ያደርጋል። በእኛ ቢሮ ይህን ደንብ በአንዲት ገጽ ጽፈን በጋራ ፎልደሩ ላይ አስቀምጠነዋል፤ ማንም ሰው ወደ ግሩፑ ከመጋበዙ በፊት እሷን ያነባል።