ካርድ፦ የቃሉ አጠቃቀም በደሴና በኮምቦልቻ

ካርድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የገባ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ከሱቅ እስከ ሆስፒታል በየዕለቱ የሚነገር ቃል ነው። ትርጉሙ ብዙ ስለሆነ የትኛው ካርድ እንደተፈለገ በአመዛኙ የሚታወቀው አብሮት በሚመጣው ግስ ነው። የሚሞላው የስልክ ነው፤ የሚወጣው የሕክምና ወይም የምርጫ፤ የሚመዘዘው የዳኛ፤ የሚበተነው የሠርግ።

«ካርድ አለ?» ብሎ ሱቅ የገባ ሰው የሚፈልገው የስልክ ሂሳብ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የወረቀት ካርድ የሚሞላው ኮከብ 805 ኮከብ ተብሎ፣ የተፋቀው ቁጥር ገብቶ፣ በመሰላል ተዘግቶ ሲደወል ነው። ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል። ብልሽቱ የሚመጣው ከአፋፋቁ ነው፤ በምላጭ ወይም በቁልፍ ጫፍ በኃይል ከተፋቀ ቁጥሩም ከሽፋኑ ጋር ይነሳል። በጥፍር ወይም በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብሎ መፋቅ ይሻላል። አሃዝ የጠፋበትን ካርድ ከመጣል በፊት ያልተሸፈነውን የመለያ ቁጥር ይዞ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች አገልግሎት፣ 994፣ መደወል ይገባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ወረቀቱን አይነካም፤ «የሃምሳ ብር ካርድ ሙላልኝ» ማለት ግን አልቀረም።

ጥንቃቄ የሚያሻው የሕክምናው ካርድ ነው። በደሴ ሆስፒታልም ሆነ በቦሩ ሜዳ የአዲስ ታካሚ መንገድ በካርድ ክፍል በኩል ነው። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ጾታና አድራሻ ተመዝግቦ ቁጥር ሲሰጥ «ካርድ አወጣ» ይባላል። ታካሚው ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ የምርመራ ውጤቱና የታዘዘለት መድኃኒት የሚሰፍርበት ማኅደር በሆስፒታሉ ይቀራል። ትንሿ ወረቀት ከጠፋች ማኅደሩ በስም ይፈለጋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰይድ፣ አሊና አህመድ በበዙበት ወሎ እስከ አያት የሚገጥም ሞክሼ አይጠፋም። አንዱ መዝጋቢ «ሰይድ» ያለውን ሌላው «ሰኢድ» ብሎ ይጽፈዋል። ያኔ ብዙ ሰው ከመጠበቅ አዲስ ካርድ ማውጣትን ይመርጣል። ይህ ጎጂ ልማድ ነው፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በአሮጌው ማኅደር የተጻፈለት ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ባዶ ወረቀት ይዞ ነውና። ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ፣ ስምንም መጀመሪያ እንደተመዘገበው መናገር ይህን ያስቀራል።

የሕፃናት የክትባት ካርድ ግን ቤት የሚቀመጥ ነው። በመደበኛው መርሐ ግብር የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂ እንደተወለዱ ይሰጣል፤ ከዚያ ሌሎቹ ክትባቶች በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ የኩፍኝ ደግሞ በ9ኛውና በ15ኛው ወር። ቀጣዩ ቀጠሮ በካርዱ ላይ ስለሚጻፍ እናት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይዛው መሄድ አለባት።

በትምህርት ቤት ካርድ የውጤት መግለጫ ነው፤ ወላጅ ፈርሞ ይመልሰዋል። ትምህርት ቤት ለመቀየር ካርዱ ከመሸኛ ጋር ይጠየቃል። በባንክ ቤት ደግሞ የኤቲኤም ሲሆን ማሽኑ ይዞ ሲያስቀረው «ካርዴን በላው» ይባላል።

የእግር ኳሱ ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። ከሜዳ ውጭም «ቀይ ካርድ ሰጠችው» ሲባል አሰናበተችው ማለት ነው።

የሠርግ ካርድ ሲታተም ቀኑ ከነዕለቱ፣ «ቅዳሜ» ወይም «እሑድ» ተብሎ ቢጻፍ ስህተት ቶሎ ይያዛል። ለታላላቆች ግን ካርድ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ቤታቸው ሄዶ በቃል መጥራት የአክብሮት ወግ ነው።

ቃሉ ብዙም የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የቀበሌው ብዙ ጊዜ መታወቂያ፣ የስልኩም ሲም ብቻ ይባላል። ለመጫወቻውና ለቤት ይዞታ ማረጋገጫው ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣው ካርታ ቦታውን ስለያዘ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «የቤቴን ካርድ» የሚል ሰው የለም።