ካይዘንና የሠራተኛ ጤና በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች

ካይዘን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ፋብሪካዎች የዳበረ፣ ብክነትን በየዕለቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚያስወግድ የሥራ አመራር ዘዴ ነው። ወደ አገራችን የገባው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም. ለጃፓን መንግሥት ባቀረቡት ጥያቄ መነሻነት ሲሆን፣ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በ30 የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የኬሚካልና የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች ተሞከረ። ፍሬው አበረታች ስለነበር የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በደንብ ቁጥር 256/2004 ተቋቋመ። አሠልጣኞቹ ትምህርቱን በአማርኛ አሳምረው ቀምረውታል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ «5ቱ ማዎች» ተብለው ዛሬ ማንኛውም ሠልጣኝ በቃሉ ይወጣቸዋል። ተቋሙ በኋላ የካይዘን ልህቀት ማዕከል ተብሏል።

ዘዴው ሊያስወግዳቸው የሚነሣው ሦስት ነገሮችን ነው፦ ሙዳ (ብክነት)፣ ሙራ (ያልተመጣጠነ ሥራ) እና ሙሪ (ከአቅም በላይ ጫና)። በፋብሪካዎቻችን በሙዳ ላይ በብርቱ ሲዘመት ሙሪ ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ጨርቅ ለማምጣት መመላለስ ሙዳ ነው ተብሎ ሲቀር፣ የልብስ ሰፊዋ አንገትና ትከሻ የሚያርፍበት ጊዜም አብሮ ይቀራል፤ በታቀደ ዕረፍት መተካት አለበት።

ሥራው ከአቅም በላይ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ስሌት እንዲህ ነው። የ8 ሰዓት ፈረቃ 480 ደቂቃ ነው። ሁለት የ10 ደቂቃ ዕረፍቶችና 10 ደቂቃ ጽዳት ሲቀነሱ 27,000 ሰከንድ ይቀራል። የቀኑ ትእዛዝ 900 ሸሚዝ ከሆነ በየ30 ሰከንዱ አንድ መውጣት አለበት። ኮሌታ መግጠም ሲለካ 26 ሰከንድ ቢወስድ፣ 15 በመቶ ለድካምና ለግል ጉዳይ ሲታከልበት 29.9 ይሆናል፤ ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው የመስመሩ አለቃ ከ26 እስከ 30 ያለችውን 4 ሰከንድ እንደ ብክነት ቆጥሮ ግቡን 1,038 ሸሚዝ ሲያደርገው ነው። ከ30 ሰከንድ ያነሰ ዑደት ያለው ሥራ የእጅ አንጓንና ትከሻን ከሚጎዱት ተደጋጋሚ ሥራዎች ይመደባል። በየ2 ሰዓቱ ሥራ ማቀያየር ይረዳል፤ ሆኖም ከኮሌታ ወደ እጅጌ ማዛወር ያንኑ ጡንቻ ስለሚያሠራ አይጠቅምም፤ ከመስፋት ቆሞ ወደሚሠራ ፍተሻ ይሁን።

ማጽዳትም ሳያስቡት ይጎዳል። በፈትልና በሽመና ክፍል የጥጥ ብናኝን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ማሽኑን ያጸዳል፣ ብናኙን ግን ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይልካል። ከዕረፍት ቀን መልስ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ስሜት የቢሲኖሲስ (በጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ በሽታ) የመጀመሪያ ምልክት ነው። ብናኙ በቫኪዩም ይመጠጥ። በማስቀመጥ ጊዜም ከባዱ ጥቅል በጉልበትና በትከሻ መካከል ባለው መደርደሪያ፣ ቀላሉ ከላይና ከታች ይሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ይገድባል። ግቡ የሚሟላው በየቀኑ በትርፍ ሰዓት ከሆነ መስመሩ አልተመጣጠነም።

ካይዘን በሠራተኛው ላይ ጫናን ያባብሳል ወይስ ያቀላል በሚለው ላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ አጥኚዎች አልተስማሙም፤ ውጤቱ እንደ አተገባበሩ የሚለያይ ይመስላል። በትክክል ሲተገበር ግን ሠራተኛውን ሊጠቅም ይችላል። ካይዘንን በሚተገብሩት የሠራተኞች የልማት ቡድኖች ሰሌዳ ላይ ደህንነት የሚለው ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ አደጋ ብቻ ይቆጥራል። በየሳምንቱ የታመመው የአካል ክፍል፣ ሠራተኛው ያለበት ማሽንና በሕመም የቀረበት ቀን ያለ ስም ቢጻፍበት፣ ሙሪ የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ በአንድ ወር ውስጥ መለየት ይጀምራል።