የጠመንጃ ማቀባበያ ዓይነቶች፦ ለአደንና ለጥበቃ

ጠመንጃ ጥይት የሚጎርስበትና ቀለሁን የሚተፋበት መንገድ እንደ ሥሪቱ ይለያያል። መሣሪያ ሲመረጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጥይቱ ትልቅነት ነው። ማቀባበያው ግን ከዚያ አያንስም። እጅ የሚለምደው እሱን ነውና።

ከሁሉም ቀላሉ ታጣፊው ነው። ከመሃል ታጥፎ ይከፈታል፤ አንድ ወይም ሁለት ጥይት በእጅ ይገባል። ተከፍቶ ሳለ አይተኩስም፤ ባዶ መሆኑም በግልጽ ይታያል። ወፍ አዳኞች ቆመው ሲያወሩ ከፍተው ክንዳቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ለዚህ ነው። ጀማሪ ከእሱ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ለትልልቅ አውሬ አደን የሚዘወተረው ባለ መቀርቀሪያው ነው። የቀድሞዋ የጀርመን መንግሥት ፕሩሲያ የዚህ ዓይነት ቀደምት የሆነውን የድራይዘን ጠመንጃ ለሠራዊቷ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ዛሬም ብዙ የአደን ጠመንጃ የሚከተለው የማውዘርን የ1898 ሥሪት ነው። መቀርቀሪያው ወደ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለሁ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። ወደ ፊት ሲገፋ አዲስ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ታች ሲመለስ ይቆለፋል። ጀማሪ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ያቀባብላል። መልሶ እስኪያነሳው አውሬው ጫካ ገብቷል። የለመደ ሰው ጉንጩን ከሰደፉ ሳያነሳ ይጨርሳል። ልምምዱ በዋናነት ይኸው ነው።

በቃታው ዙሪያ ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍቶ በመመለስ የሚቀባበለው ዓይነት በ1873ቱና በ1894ቱ ዊንቸስተር ይታወቃል። ፈጣንና ለመያዝ ቀላል ነው። አንድ ጣጣ ግን አለው። በብዙዎቹ ካዝናው ከአፈሙዙ ሥር ያለ ቱቦ ነው፤ ጥይቶቹም ፊትና ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ። ጫፉ ሹል የሆነ ጥይት ከፊቱ ያለውን ከኋላው ወግቶ ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ይጎርሳል።

ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መያዣ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመመለስ የሚቀባበለው ፓምፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣውን ሬሚንግተን 870ን ጨምሮ፣ ለቤት ጥበቃ ስሙ የገነነ ነው። ሰው ሲደነግጥ ግን እጁ ግማሽ መንገድ ስቦ ይመልሰዋል፤ ያኔ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል። ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው በኃይል መሳብ መለመድ አለበት።

ከፊል አውቶማቲኩ ከተተኮሰው ጥይት በሚወጣ ጋዝ ወይም በራሱ ምት ኃይል ራሱን ያቀባብላል። ከዚህ ዓይነት አንዱ፣ የአሜሪካዊው መሣሪያ ፈልሳፊ የጆን ብራውኒንግ ኦቶ 5፣ ከቤልጂየም ፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በጋዝ የሚሠራው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ምት ያለዝባል። በአንጻሩ ጽዳት ይፈልጋል፤ ጥይትም ይመርጣል። አደጋው ያለው ባዶ በሚደረግበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ ማቀባበያው ይሳባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የጎረሰው ይወጣና ሌላ ይተካል፤ ባለቤቱ ባዶ ነው ብሎ ቃታ ይስባል። ካዝና ማውጣት ብቻውንም አያዋጣም፤ ጣትና ዓይን ውስጡን ማየት አለባቸው።

ምርጫው በሕግም ይወሰናል። ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ ሕግ ወዲህ ትንሿን .22 ጥይት ከሚጎርሰው በስተቀር ከፊል አውቶማቲክ ራይፍልን (አፈሙዙ ውስጡ ጠመዝማዛ ጎድጎድ ያለውን ጠመንጃ) ከልክላለች። አሜሪካ ውስጥ ዳክዬን የመሰሉ ተሻጋሪ ወፎች በሚታደኑበት ጠመንጃ በአንዴ ከ3 ጥይት በላይ ማጉረስ ክልክል ነው።

ለአደን ትዕግሥትና አንድ ትክክለኛ ተኩስ ይበቃል፤ ባለ መቀርቀሪያውን የሚያክል የለም። ለጥበቃ ግን ጨለማና ድንጋጤ አለ። በእኔ እይታ እዚያ የሚሻለው ባለቤቱ አብዝቶ የተለማመደበት ነው፤ በየጊዜው መሣሪያ የሚቀያይር ሰው የአንዱም እጅ አይኖረውም። ልምምዱ ደግሞ ጥይት አይጨርስም። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ትቶ፣ በማስመሰያ ጥይት ማቀባበልና ቃታ መሳብ ይቻላል። አንዳንድ .22 ጠመንጃዎች ግን በባዶ ሲተኮሱ መቺያቸው ይጎዳል፤ መመሪያውን ማየት ነው።

ተኩስ ሜዳ ላይ ቃታው ተስቦ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ ቶሎ አይከፈትም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቃል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ።