«ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ሰርቨሩን አይነካም»፦ ስለ ዶከር ፕለጊኖች የሚነገሩ ስህተቶች

ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ክፍሎች ለይቶ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፤ ፕለጊን ደግሞ ለዶከር ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ተቀጥላ ነው። ፕለጊኑ ሰርቨሩን ይነካል። ከ2017 ወዲህ፣ ማለትም ከዶከር 1.13 ጀምሮ፣ ፕለጊኖች እንደ ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሳበት የፕሮግራም ጥቅል) ታሽገው እንደሚመጡ እውነት ነው። መታሸጋቸው ግን ሥልጣናቸውን አይቀንሰውም።

በሌላ ማሽን ላይ ያለን ማኅደር ለኮንቴይነሮች የሚያቀርበውን የኤስኤስኤችኤፍኤስ ፕለጊን ስትጭኑ ዶከር መሀል ላይ ቆም ብሎ ይጠይቃችኋል። ፕለጊኑ የሰርቨሩን ኔትወርክ እንዳለ መጠቀም ይፈልጋል፤ «ካፕ ሲስ አድሚን» የተባለውንም ፈቃድ ይፈልጋል። ይህ ፈቃድ በሊኑክስ ላይ ከዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ብዙም አይርቅም። ከጥያቄው መጨረሻ ላይ ካሉት ሁለት ፊደላት በትልቁ የተጻፈው የእምቢታው «ኤን» ነው። ሳታነቡ ኢንተርን ብትጫኑ መልሳችሁ «አልፈቅድም» ይሆናል። የሠሩት ሰዎች አስበውበት ነው።

አንድ ድርጅት ሰርቨሩን እንድፈትሽ ጠርቶኝ የመጫኛ ስክሪፕቱን ስከፍት፣ ሁሉንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚሰጠው ትእዛዝ ገብቶበት አገኘሁ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ጥያቄው ሥራ እያስቆመን ተቸገርን» አሉኝ። ሥራ ማስቆሙ እኮ ነው ጥቅሙ! እባካችሁ ዝርዝሩን አንብቡ፤ ፕለጊኑን ማን እንደሚጠግነውና መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደታደሰ ሳታዩ አትፍቀዱ።

«ራሱን ያድሳል» የሚሉም አሉ። አያድስም፤ ለማደስ መጀመሪያ ፕለጊኑን ማቆም ያስፈልጋል። የሚጠቀምበት ቮልዩም (ኮንቴይነሮች መረጃ የሚያኖሩበት ቦታ) ካለ ደግሞ ካልተገደደ በቀር አይቆምም።

«በአንዱ ሰርቨር ከጫንኩት ለስዋርሙ ሁሉ ይበቃል»፦ አይበቃም፤ ስዋርም አብረው የሚሠሩ የዶከር ሰርቨሮች ስብስብ ነው፤ ፕለጊኑ ሥራው በሚደርስበት ሰርቨር ሁሉ መጫን አለበት።

«የቮልዩም ፕለጊን ካለኝ መጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልገኝም»፦ ፕለጊኑ መረጃውን ያገናኛል እንጂ በራሱ ቅጂ አያስቀምጥም።

«የፈቃድ መቆጣጠሪያ ፕለጊን ስላለን ተጠብቀናል» የሚሉትን (ይህ ፕለጊን ለዶከር የሚላኩ ጥያቄዎችን አይቶ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ነው) ደግሞ በሐምሌ 2024 ይፋ የሆነውን ክፍተት አስታውሳቸዋለሁ። የይዘት ርዝመቱ ዜሮ ተብሎ የተላከን ጥያቄ ዶከር ይዘቱን ሳያሳይ ለፕለጊኑ ያስተላልፍ ነበር፤ ፕለጊኑም ቢያየው የሚከለክለውን ነገር ሊያሳልፍ ይችል ነበር። ክፍተቱ በ2019 በዶከር ስሪት 18.09.1 ተደፍኖ ነበር፤ ጥገናው ግን ወደ ቀጣዮቹ ዋና ስሪቶች ሳይሻገር ቀረ። ስለዚህ ራሱን ዶከርን አድሱ፤ ኤፒአዩንም (ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበትን መንገድ) ለምታምኗቸው ሰዎች ብቻ ክፈቱ።