የስፒከር ኢምፒዳንስ ማጣጣም ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ በየሠርጉ የምንጫወት ሰዎች ዕቃ እየተዋዋስን ነው የምንኖረው፤ አምፕሊፋየሩ የአንዱ፣ ስፒከሩ የሌላው፣ ኬብሉ ደግሞ ባለቤት የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ሄርማታ አካባቢ ለነበረን ሠርግ ባለ ቫልቭ የቤዝ አምፕሊፋየር ተገኘልን። ከጀርባው 4፣ 8 እና 16 የተጻፈበት መዞሪያ አለው። ድራም ተጫዋቻችን አየና «16 ላይ አድርገው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይስማን» አለኝ።

ቁጥሩ ግን ከድምፅ ጉልበት ጋር አይገናኝም። የሚናገረው ስለ ስፒከሩ ኢምፒዳንስ ነው፤ ስፒከሩ ለሚመጣበት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳየው ተቃውሞ ማለት ነው። የሚለካው በኦም ነው፤ ማጣጣም የሚባለውም መዞሪያውን ከተገጠመው ስፒከር ኦም ጋር ማስማማት ነው። 8 ኦም የተባለውን ስፒከር በቴስተር ለክተው 6 አካባቢ ቢያነቡ ተቃጥሏል አይበሉ፤ ቴስተሩ የሚያየው የመጠምጠሚያውን ሽቦ ብቻ ነው። በጨዋታ ላይ ተቃውሞው ከኖታ ኖታ ይለዋወጣል።

ቫልቮች፣ እነዚያ ሲግሉ ብርቱካናማ የሚያበሩት የመስታወት ብልቃጦች፣ የሚሠሩት በከፍተኛ ቮልቴጅ (የኤሌክትሪክ ግፊት) እና በጥቂት ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ነው። ስፒከር የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። የሚያስታርቃቸው በመካከል ያለው የውጤት ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ሥራው የማርሽ ሥራ ነው። ባጃጅ ወደ ጅሬን ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ ማርሽ የሚቀይረው ሞተሩ እንዳይታነቅ ነው፤ የአምፕሊፋየሩም መዞሪያ እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ቫልቮቹ 4000 ኦም እንዲታያቸው የተሠራ አምፕሊፋየር 8 ላይ ተደርጎ 8 ኦም ስፒከር ቢገጠምለት፣ ትራንስፎርመሩ በ500 አባዝቶ 4000 ያሳያቸዋል። መዞሪያው ሳይነካ 4 ኦም ቢገጠም 2000 ይታያቸዋል፤ ከአቅም በላይ ከረንት ይስባሉ፣ ቶሎ ያረጃሉ። 16 ቢገጠም ደግሞ 8000 ይሆናል፤ ቮልቴጁ ያሻቅባል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቫልቭ በሌለው የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ያደገ ሰው «ኦሙ ከበዛ ችግር የለም» ይላል። ለትራንዚስተሩ እውነት ነው፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። ለቫልቭ ግን የመጨረሻው ከፍተኛ ኦም፣ ማለትም ምንም ስፒከር አለመኖሩ፣ ከሁሉም የከፋው ነው። በትራንስፎርመሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቮልቴጁ የሽቦውን ሽፋን በስቶ ጥቅልሉን ያቃጥላል። ትራንስፎርመር እንደ ፊውዝ ከሱቅ ብቅ ብለው የሚገዙት ዕቃ አይደለም።

ሁለት ስፒከር ሲገጠም ሒሳቡ ይለወጣል። ከአምፕሊፋየር ጀርባ ያሉት ሁለት ጃኮች (የኬብል መሰኪያዎች) አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን የተገናኙ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ሁለት መንገድ ስለሚያገኝ ሁለት ባለ 8 ኦም አንድ ላይ 4 ይሆናሉ። በ1969 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣውን ባለ 300 ዋት የቤዝ አምፕሊፋየር አምፔግ ኤስቪቲ ተከትሎ የታወቀው ባለ ስምንት ስፒከር ሳጥንም በዚሁ ስሌት ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዳቸው 32 ኦም የሆኑት ስምንቱ ጎን ለጎን ተገናኝተው 4 ይሰጣሉ። 8 ኦምና 4 ኦም ማጋባት ግን አልወድም፤ አንድ ላይ 2.67 ሲሆኑ ባለ 4ቱ የሌላውን እጥፍ ኃይል ይወስዳል።

በዚያ ቅዳሜ የነበሩን ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ነበሩ። አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ መዞሪያውን 4 ላይ አደረግሁ። ድራም ተጫዋቹ አኮረፈ። ለስፒከሩም የጊታር ኬብል አልተጠቀምንም፤ ቀጭን ስለሆነ ሊግልና ሊበጠስ ይችላል። ወፍራሙን ዘርግቼ ከወለሉ ጋር በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ጭፈራው ሲደምቅ ኬብል የሚነቅል እግር አይጠፋም።