ራም ላይ የተጻፈው ፍጥነትና ማዘርቦርዱ የሚቀበለው

የራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ፍጥነት የሚባለው ቁጥር ራሙ በሰከንድ ስንት ሚሊዮን ጊዜ መረጃ እንደሚያስተላልፍ ይናገራል። ዲዲአር4 የራሙ ትውልድ ስም ነው፤ ዲዲአር4-3200 ማለት በሰከንድ 3,200 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ሰዓቱ የሚመታው ግን በ1,600 ሜጋኸርዝ ነው፤ በአንድ ምት ሁለቴ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር የሚያሳየውን ሲፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም ከፍቶ 1,600 ሲያይ «ተሸወድኩ» ብሎ ራሙን ሊመልስ የሚመጣ ደንበኛ ደብረ ብርሃን ውስጥ አይጠፋም። አልተሸወደም።

ፍጥነቱን የሚወስኑት ሦስት ናቸው፦ ራሙ፣ ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና ፕሮሰሰሩ። ሁሌም የዘገየው ያዛል። ጣርማ በር ላይ ከተጫነ አይሱዙ ኋላ የገባ መኪና፣ ሞተሩ ምንም ቢሆን፣ በአይሱዙው ፍጥነት ነው የሚወርደው።

ድሮ ራሙን የሚያዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ቺፕ ነበር። ፕሮሰሰር ሠሪዎቹ፣ ኤኤምዲ በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ሰጡት፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩም የራሱ የራም ፍጥነት ወሰን አለው። ከዲዲአር4 በፊት የነበረው ዲዲአር3 ባለ 240 ፒን (የብረት መገናኛ) ሲሆን በ1.5 ቮልት ይሠራል።

የዛሬው ሥራችን በአብዛኛው ዲዲአር4 ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ይህ ራም 288 ፒን አለው፤ 1.2 ቮልት ይበቃዋል። ከዲዲአር3 ጋር የመሃል ቀዳዳው ቦታ ስለማይገጥም ስሎቱ (የራም መሰኪያው) ውስጥ አልገባ ካለ አትግፉት። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኮር አይ5-7400 እስከ 2400፣ አይ5-8400 እና አይ5-10400 እስከ 2666 ይቀበላሉ። እኔም አንዴ 3200 ራም ገዝቼ አይ5-7400 ላይ ሰክቼ በ2400 ሠራልኝ። ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የኔ ነበር፤ ሳልጠይቅ ገዛሁ። ኢንቴል ከቢ560 በፊት ባወጣቸው ስማቸው በቢ እና በኤች የሚጀምር ማዘርቦርዶች ከፕሮሰሰሩ ወሰን ማለፍ አይቻልም፤ ለዚያ ስሙ በዜድ የሚጀምር ቦርድ ያስፈልግ ነበር። ወሰኑን ማለፍ በሚፈቅድ ቦርድ ላይም ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቶ ኤክስኤምፒን፣ ማለትም ራሙ በተጻፈበት ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ምርጫ፣ ካላበሩት ብዙ የ3200 ራም በ2133 ወይም በ2666 ተኝቶ ይቀራል። ኤክስኤምፒ ራም ያቃጥላል የሚሉ አሉ። እኔ ሲያቃጥል አላየሁም።

ፍጥነቱ ይታያል ወይ የሚለው ያከራክራል። ለወርድና ለኤክሴል እምብዛም ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ግን ምናልባት ሊጠቅም ይችላል። ዋናው የራሞቹ ብዛት ነው። ነጠላ 3200 በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ሲሸከም፣ ጥንድ 2400 በዱአል ቻናል (ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን አብረው ሲሠሩ) 38.4 ይሸከማል። ስለዚህ የኛ ሰፈር ጠጋኝ መጀመሪያ «ስንት ስሎት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ቀጣዩ ትውልድ ዲዲአር5 ላይ ግን ስሎት መሙላት ፍጥነት ያስከፍላል፦ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘን 7000 በሁለት ራም እስከ 5200፣ በአራት እስከ 3600 ብቻ ነው የተፈቀደለት።

ማሽናችሁ በስንት እንደሚሠራ ለማየት ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ግቡ። ራም ከሰካችሁ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ የራሙን ወርቃማ ጠርዝ በላጲስ አሹት።